ግድግዳው መለሰልኝ

ቶኪዮ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጃፓናዊ አለ። ዝምተኛ ነው፤ ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። ይኸው ሰው ቅዳሜ አኪሃባራ ኮንሰርት እንሂድ አለኝ። አኪሃባራ ኤኬቢ48 የተባለው የሴቶች ዘፋኝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ቲያትሩን የከፈተበት ሰፈር ነው። እሺ ስለው አንድ ወረቀት አስጨበጠኝ። "ሳታጠና እንዳትመጣ!"

ለካ እዚያ ዝም ብሎ መጮህ የለም። ሙዚቃው ጀምሮ ዘፋኞቹ ገና መዝፈን ሳይጀምሩ አዳራሹ በአንድ ድምፅ "ታይጋ! ፋይያ! ሳይባ! ፋይባ! ዳይባ! ባይባ! ጃ ጃ!" ይላል። ሚክስ ይሉታል። መሃል ላይ ልጆቹ ትንፋሽ ሲሰበስቡ ደግሞ የጋቺኮይ ጩኸት አለ። እሱ የለየለት የፍቅር ኑዛዜ ነው። "የምነግርሽ ነገር አለኝ! የተወለድኩት አንቺን ላገኝ ነው! ከዓለም አንቺን እወዳለሁ!" አዳራሽ ሙሉ ወንድ፣ ለአንዲት ልጅ። ሽማግሌ መላክ ብሎ ነገር የለም። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ጩኸቱ ተከልክሎ በጭብጨባ ብቻ ነበር አሉ። ሙሉ በሙሉ እስኪፈቀድ እስከ 2023 እንዴት እንደቻሉት እንጃ።

ማታ ጋቢዬን ደርቤ ጥናት ጀመርኩ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤቴ ኑድል ሲምግ ይሰማኛል። ስለዚህ በለሆሳስ ጀመርኩ። ግን ነገሩ በለሆሳስ አይሆንም፤ ሰውዬውን ይዞት ይሄዳል። "ዳይባ! ባይባ!" ብዬ ቀጣዩ ጠፋኝ። ወረቀቱን ስፈልግ ከግድግዳው ወዲያ፦

"ጃ ጃ!"

ደንግጬ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው "የምነግርሽ ነገር አለኝ!" አለ። እንግዲህ ሰው ሲጀምር ዝም ማለት ነውር ነው። ተቀበልኩት። እሱ ሲል እኔ ስል፣ ሁለት ጎረምሶች በእኩለ ሌሊት ግድግዳ ለግድግዳ "እወድሻለሁ!" ስንባባል በሩ ተንኳኳ።

አከራያችን ናቸው። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፤ በፒጃማ ወጥተዋል። የጎረቤቴም በር ተከፈተ። ፊቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቀጭን ልጅ፣ በእጁ ብርቱካንማ መብራት የሚያበራ ዱላ ይዟል።

ሽማግሌው እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ጋቢዬን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጣም በትሕትና፣ "ይቅርታ፣ ማን ነው ማንን የሚወደው?" አሉ።

ጎረቤቴ በዱላው ወደ እኔ ጠቆመ።