ታብሌቱ ከቁም ሳጥን እንዴት ወጣ

ጤና ኬላ አካባቢ የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ ታብሌት ይመጣል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ አበል ይፈረማል፣ ከዚያ ታብሌቱ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ቢሰበር ወይ ቢጠፋ የፈረመችበት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት ተጠያቂዋ፤ ማን ይደፍረዋል?

እኔ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ግርጌ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። በእኛ ሥር ያሉት አምስት ጤና ኬላዎች ታብሌቱን የዕለት ተዕለት ሥራ ላይ አውለውታል። እንዴት እንደሆነ ለሌላ ወረዳ ባልደረቦቼ ይጠቅም ይሆናል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ። አንድ ጤና ኬላ እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። የየቤቱ መረጃ የሚያዘው በቤተሰብ ፎልደር ነው፤ ያ ፎልደር ታብሌት ላይ ሲገባ ኢቺስ እንለዋለን። የወሩ ሪፖርት ደግሞ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በጀመረው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል ሶፍትዌር ወደ ላይ ይሄዳል። ታብሌቱ ሲመጣ ግን ወረቀቱ አልቀረም። ባለሙያዋ ቀን ቤት ለቤት ስትዞር ውላ ማታ ያንኑ መዝገብ ደግማ ትገለብጣለች። ስብሰባ ላይ «ኤክስቴንሽኖቹ ቴክኖሎጂ አይወዱም» ሲባል ስሰማ ይበግነኛል። ቴሌግራም ላይ ከእኔ ይቀድማሉ። የጠሉት ድርብ ሥራውን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ታብሌቱ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ነበር። የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሕፃናት ክትባት ሪፖርት ከታብሌቱ ይወሰድ፣ ለእሱ ሲባል የወረቀት ቆጠራ ማንም አይጠየቅ። ሌላው አገልግሎት እንደነበረ ይቀጥል። ኃላፊው ሲያመነታ ከርሞ ተስማማ። ከሥልጠናው ሁሉ ይበልጥ የሠራው ይህ ነው። አንድ መዝገብ ከትከሻቸው ሲወርድ ታብሌቱን ራሳቸው ፈለጉት።

ከዚያ ስም መጣ። ሕፃኑ ሲወለድ «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ፔንታ፣ አምስት በሽታ በአንዴ የሚከላከለው ክትባት፣ የሚሰጠው በ6 ሳምንት ነው፤ ወንዱ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ ምናልባት ስም ይዞ ይመጣል፣ ሴቷ ግን እስከ 80 ቀን ትጠብቃለች። በ9 ወር ለኩፍኝ ክትባት ስትመጣ በአዲስ ስም እንደ አዲስ ልጅ ትመዘገባለች፤ ታብሌቱ ላይ ሁለት ልጆች ይሆናሉ፣ አንዷ «ክትባት ያቋረጠች»። በዚያ ላይ ፊደሉ አለ። «ኃይሉ» ብላ አንዷ የመዘገበችውን ሌላዋ «ሀይሉ» ብላ ብትፈልግ ማሽኑ የለም ይላታል። ተሰብስበን ሁለት ነገር ወሰንን፦ ፍለጋ ሁልጊዜ በቤት ቁጥርና በእናት ስም ይሁን፤ ስም ሲጻፍ ደግሞ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ብቻ እንጠቀም። የቅኔ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣ ይሆናል፤ የአብነት ትምህርት ያለው አንድ ዘበኛችን «ንጉሡን በእሳቱ ሰ?» ብሎ ራሱን ነቅንቋል። ድርብርቡ ስም ግን ቀነሰ።

ቀኑ ከስሙ ይብሳል። ነፍሰ ጡር ስትመዘገብ ታብሌቱ የመጨረሻ የወር አበባዋ የታየበትን ቀን ይጠይቃል፤ ሳይሞላ አያሳልፍም። ብዙዎቹ ባለሙያዎች በግምት የወሩን 1 ይሞሉና ያልፉ ነበር። አንድ ቀን ከአንዷ ጋር ቤት ለቤት ስዞር ይህን ሰማሁ።

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው እታለም?»

«ኧረ እኔ ምኑን ቆጥሬ! የጥምቀት ሰሞን መሰለኝ።»

«ለአስተርዮ ማርያም ቅዳሴ ገብተሻል?»

«አይ፣ እሷንስ ከደጅ ነው የቆምኩ።»

ባለሙያዋ ወዲያው ጥር 21 ብላ ሞላች። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደማትገባ ሁሉም ያውቃል፤ ቀኑን የረሳች ሴት የቆመችበትን ደጅ አትረሳም። ይህን አጠያየቅ ለአምስቱም ኬላዎች አስተማርነው፤ ያስተማረችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። የመውለጃ ቀንም ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፦ ከመጨረሻው የወር አበባ ቀን 9 ወር ከ10 ቀን፣ ጳጉሜን ካቋረጠ 9 ወር ከ5 ቀን፤ ጳጉሜ 6 የሆነች ዓመት 4። ለጥር 21 ጥቅምት 26 ማለት ነው። ታብሌቱ ራሱ ያሰላዋል፤ ቢሆንም ባለሙያዋ በእጇ አስልታ ልክ ሲሆን ካላየችው አታምነውም። ትክክል ናት።

ጥቅሙ የታየው የዕለቱን ዝርዝር ማየት ሲጀምሩ ነው። ጠዋት ታብሌቱ ሲከፈት በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያላቸውን፣ ያለፈባቸውንም ይደረድራል። ቀድሞ ለዚህ ሲባል ካርዶችን አንድ በአንድ መገልበጥ ነበረባቸው። በወሩ ስብሰባም ከአጠቃላይ ቁጥር ይልቅ የመጀመሪያውን ፔንታ ወስደው ሦስተኛውን ያልወሰዱትን በየጎጡ ማየት ጀመርን። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ሲበልጥ የመከታተል ችግር አለ ይባላል። አንዱ ቀበሌ ላይ ያቋረጡት ሁሉ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሆነው ተገኙ፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ እናቶቹ አይሻገሩም። ያን በቁጥር ብቻ መቼም አናገኘውም ነበር። ክትባቱ ወደ ማዶው ጎጥ ሄደ።

ቀጠሮ የሚያስታውስ መልእክት በስልክ እንላክ የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አንዷ ባለሙያ «ወንድሜ፣ ስልኩ የማን ነው?» አለችኝ። ስልኩ የባል ነው። የሦስት ወሩን መርፌ ባሏ ሳያውቅ የምትወስድ ሴት አለች፤ «የመርፌ ቀጠሮሽ ነገ ነው» የሚል መልእክት ባሏ ኪስ ውስጥ ቢገባ ቤቷን ማፍረስ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ዕቅድ ከመልእክቱ ጨርሶ ወጣ። ለክትባቱም የሚላከው ፈቃድ ላገኘንበት ስልክ ብቻ ሆነ።

ቻርጅና ኔትወርክ ብዙ አላስጨነቀንም። የከለከልነው አንድ ነገር ነው፦ ታብሌትም ሆነ ስልክ ክትባቱ ካለበት ፍሪጅ ሶላር ላይ አይሰካም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ለስልክ ቻርጅ ብሎ እሱን ማበላሸት አይቻልም። አነስተኛ የግድግዳ ሶላር ባለበት ይሰካል፣ በሌለበት ገበያ ቀን ከተማ ሲወጡ ቻርጁም ሲንኩም (የተመዘገበውን በኢንተርኔት ወደ ላይ መላኩም) አብሮ ይሆናል። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት መመዝገቡ ያዋጣን በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው። ሪፖርቱ ቢዘገይም የቀጠሮው ዝርዝር ታብሌቱ ላይ ስለነበር ባለሙያዋ ማንን ማየት እንዳለባት ታውቅ ነበር። ሁሉን ነገር በኢንተርኔት ካልሆነ የሚል ሥርዓት ለእኛ አገር አይሆንም፤ ይህን ለሚሠሩት ሁሉ ደጋግሜ እላለሁ።

አሁንም ያልፈታነው አለ። እዚህ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ሄዳ ነው የምትታረሰው። ክትትሏ እኛ ቀበሌ፣ ወሊዷ ሌላ ወረዳ ይሆናል፤ ታብሌቱ ላይ ቀኗ ያለፈባት ሆና በቀይ ትቀመጣለች። ለጊዜው የያዝነው ዘዴ ቀላል ነው፦ በስምንተኛው ወር «ለመውለድ የት ትሄጃለሽ?» ተብላ ትጠየቃለች፣ የዚያ ቀበሌ ኤክስቴንሽን ስልክ ይያዛል፣ ይደወላል። ከአጎራባች ወረዳዎች መረጃ ባለሙያዎች ጋር የስልክ ዝርዝር መለዋወጥ ጀምረናል፤ ቢቸና አቅጣጫ ያለው ገና አልደረሰንም።