መቶ ሜጋባይቷ ክፍል

ትናንት ማታ የታናሽ እህቴ ላፕቶፕ ላይ ከዊንዶውሱ ጎን ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሲስተም ልጭን ስል፣ «ጋሼ፣ የአባባ ፎቶዎች አይጠፉም አይደል?» አለችኝ። አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ፎቶዎቹ ያሉት እዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

እጄን ሰበሰብኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን። ከዚያ በዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ሲ ከሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ 60 ጊጋባይት ቀንሼ ባዶውን ተውኩት። ፈጣን ማስነሻውንም አጠፋሁ፤ እሱ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

የመጫኛው ገጽ ላይ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ምርጫ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተደርድሯል። እሱን አልፌ በእጅ መከፋፈያውን ከፈትኩ። ከ500 ጊጋባይቱ መካከል አንዲት የ100 ሜጋባይት ክፍል አለች፤ የማስነሻው ፋይል የሚቀመጠው እሷ ውስጥ ነው። ብትጠፋ ፎቶዎቹ ይተርፋሉ፣ ዊንዶውስ ግን አይነሳም። አጠገቧ «ፎርማት» የሚል፣ ምልክት ከተደረገበት ውስጧን የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ምልክት እንደሌለበት ሦስት ጊዜ አየሁ፤ እህቴም ጎንበስ ብላ በጣቷ እየጠቆመች አየች። አዲሱን ሲስተም ባዶው ቦታ ላይ ብቻ አሳረፍኩት።

ኮምፒውተር በተነካ ቁጥር ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ላፕቶፑ ሲነሳ የሁለቱም ስም ተደርድሮ መጣ። እህቴ ዊንዶውስን መረጠች። አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።