ለዳስ የቆረጥኩት ዝንጣፊና የዘንባባው ነቀዝ

እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ያለውን ቤት ስንገዛ ግቢው ውስጥ ሁለት የካናሪ ዘንባባዎች ቆመው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ለዳስ በዓል ጣራ የሚሆን ቅጠል ስፈልግ መሰላል አቆምኩና ከአንደኛው ስምንት እርጥብ ዝንጣፊ ቆረጥኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ዳሳችንን አደነቀ። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነበር።

በፋሲካ ሰሞን የዚያው ዛፍ አናት ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ከመሃል የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች በመቀስ የተከረከሙ ይመስላሉ። የጠማው መስሎኝ ውኃ ለቅቄበት አደርኩ። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ፎቶውን አይቶ «ሻጋታ ነው» አለኝና የፈንገስ መድኃኒት ሸጠልኝ። እሱን ስረጭ ሦስት ሳምንት ባከነ።

ነገሩን ያወቀው አባቴ ነው። ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጥፎ ቆየና «ልጄ፣ ውስጡ የሚያኝክ ነገር አለ» አለኝ። እኔም አዳመጥኩ፤ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። የአንዱን ዝንጣፊ ሥር በቢላ ስፈለፍል የጠላ ጥንስስ የሚመስል ሽታ ወጣ፤ ቀጥሎ በቃጫ የተጠቀለለ የጣት ያህል ነገር። ስፈታው አፉ እንደ ወስፌ የሾለ ቀይ ጢንዚዛ አገኘሁ። አባቴ የሚያውቀው ጎንደር ማሽላ ጎተራ ውስጥ ያለውን ደቃቃ ነቀዝ ነው። «ይኼማ የነቀዝ አያት ነው!» አለ።

ቀይ የዘንባባ ነቀዝ ይሉታል። ከእስያ የመጣ ሲሆን እስራኤል ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሴቷን የትኩስ ቁስል ሽታ ይስባታል፤ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ እጮቹም ከውጭ ሳይታወቅ ለወራት ውስጥ ለውስጥ ይበላሉ። ዘንባባ ደግሞ የሚያድግበት ቀንበጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከተበላ አለቀለት።

የኛም አልቆለት ነበር። ግንዱን ለማገዶ ላስቀር ብል የቆረጠው ባለሙያ ከለከለኝ፤ ውስጡ የቀረው እጭ ጢንዚዛ ሆኖ ይወጣልና። በማሽን ተፈጭቶ ተጫነ።

ለሁለተኛው ዘንባባ ኬሚካል አፈር ላይ ማፍሰስ አልወደድኩም፤ ሥሩ አጠገብ ጎመንና ሎሚ አለን። ነቀዙን የሚገድሉ፣ በዓይን የማይታዩ ኔማቶድ የሚባሉ ትሎችን በውኃ በጥብጬ አናቱ ላይ አፈሰስኩ። የመጀመሪያውን በጠራራ ፀሐይ አፍስሼ ገንዘቤን አቃጠልኩ፤ ፀሐይና ድርቀት ይፈጃቸዋል። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ብቻ፣ አናቱን አስቀድሜ በውኃ አርሼ። እስካሁን ቆሟል።

አሁን የምቆርጠው የደረቀውን ብቻ ነው፣ እሱንም ነቀዙ በማይበርበት ብርድ። ለዳሱ ባሕር ዛፍ አመጣለሁ፤ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቤታችን ጉንፋን የያዘው ሰው ያለ ይመስለዋል።