የእማዬ ጉልበት

ዛሬ እማዬን ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ጉልበቷ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተቀየረ 3 ወሩ ነው። ከባጃጅ ወርዳ እስከ በሩ በእግሯ፣ ያለ ምርኩዝ! እንባዬ መጣ።

ቀላል አልነበረም። ተረከዟ ሥር ፎጣ አድርጋ ጉልበቷን ቁልቁል ስትጫን ነጠላዋን ትነክስ ነበር። 90 ዲግሪ ካልታጠፈ ደረጃ መውጣትም ከወንበር መነሳትም ይከብዳል ስለተባለች አንድ ቀን አላቋረጠችም። ማታ ማታ አሁንም ያብጣል። ከ5 ሰው አንዱ ገደማ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። ይህን አስቀድሞ ሳይደብቅ የነገረንን ሐኪም እግዜር ይስጠው።

ያሳዘናት ስግደቱ ነው። መንበርከክ አልቻለችም። ቆማ ጎንበስ ስትል አየኋት።

«እማ፣ ደከመሽ እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ ገና ልሳለም ነው» ብላ ቀደመችኝ።