ያልጠየቅሁት ካርድ

ባሕር ዳር ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት ስሸጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቢሯችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። በሩ ላይ ስቆም ጣና በዘንባባዎቹ መካከል ብልጭ ይልልኛል። ብዙ ነገር አይቻለሁ። ትኬቱን ቤት ረስቶ የመጣ ሙሽራ አይቻለሁ። ፓስፖርቱ ያለፈበት መሆኑን ጠረጴዛዬ ላይ ያወቀም አለ። የገና ሰሞን የደረሰብኝ ግን ከሁሉም ይለያል። ጥፋቱ የኔ ስለነበር ከልቤ አልወጣም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ደንበኛዬ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው ሽምብጥ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የሚወዱት እንደ ሥጋ ዘመድ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. መቋቋሙን፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ካይሮ መብረሩን ሳይሳሳቱ ይነግሯችኋል። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩም ካርታው ላይ የሚያሳዩት የእሱን መስመር ነበር።

ፍቅራቸው በደስታ ብቻ የመጣ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው ቦይንግ 737 እርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገቡበት። ሊመለስ ሲሞክር ወደቀ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። የዚያን ሰሞን ለቅሶ ጋሼ ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ 157 ሰው ያለቀበት አደጋ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ቢሮዬ መጥተው የአዲስ አበባ ትኬት ቆረጡ። ምን ጉዳይ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«ጉዳይስ የለኝም» አሉኝ። «ሐዘን ቤት ይኬዳል እንጂ ይቀራል እንዴ?»

ይህን የምነግራችሁ ሰውየውን እንድታውቋቸው ነው።

ልጃቸው አውሮፓ ነው የምትኖረው። ለገና ሁለት ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ሆነ። አራት ዓመት ነው ያልመጣችው። ትንሹን ልጅ አያቱ በስልክ እንጂ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ደስታቸው ወሰን አጣ። አንድ ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሮ ቢሮዬ ገቡ። ልጅቷ በውጭ አገር አየር መንገድ ልትመጣ ነው።

«እስቲ አንተ አናግራት» አሉና ስልኩን ሰጡኝ። «ሥራህ አይደል? ታሳምናታለህ።»

እኔም ስልኩን ተቀበልኩ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ጀመርኩ። «እህቴ፣ እንዴት ያገርሽን ትተሽ በሰው አየር መንገድ ትመጫለሽ? ባንዲራችንን የተሸከመ እኮ ነው። አባትሽም አዝነዋል።» ሌላም ሌላም አልኩ። ጋሼ አጠገቤ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም እየሞቀኝ ሄደ።

በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። የዋጋው ልዩነት ለሦስቱ ሲደመር የአንድ ወር የቤት ኪራይዋን ይሆናል። ለሥራ ቶሎ ቶሎ ስለምትበር ያጠራቀመችው ማይል አለ፤ አየር መንገድ ለሚመላለስበት መንገደኛ የሚሰጠው ነጥብ ነው። በእሱ የትንሹን ልጅ ትኬት በነፃ ወስዳለች። «አባዬን እወደዋለሁ፣ አየር መንገዳችንንም እወደዋለሁ፤ ግን ለብቻዬ ነው የማሳድጋቸው» አለች። ቀጥላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ሁሉም ሰው ያገሩን አየር መንገድ ብቻ ቢመርጥ ቦሌ ላይ ማን ትራንዚት ያደርግ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። ቦሌ ላይ ሌሊት ያንን ሁሉ ሕዝብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ እስያ፣ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚሄደው መንገደኛ በእኛ አውሮፕላን የሚሳፈረው ለአገሩ ስላልታመነ አይደለም። ዋጋው ተስማምቶት ነው፣ ሰዓቱ ገጥሞለት ነው። የኛ አየር መንገድ ያደገው እነዚህን ሰዎች ጥሩ አድርጎ በማስተናገድ ነው። የዋጋውም ነገር ቢሆን የታወቀ ነው። በቀጥታ የሚያደርስ በረራ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። በሌላ አገር አዙሮ የሚያመጣው ደግሞ መንገደኛ ለመሳብ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ተቀየምኩ። «እንግዲህ እንደፈለግሽ» ብዬ ስልኩን መለስኩ።

በነጋታው ጋሼ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚያመጣቸውን ትኬት ሊቆርጡ መጡ። ያቺን የመጨረሻዋን የአንድ ሰዓት በረራ የሚያበርረው የኛው አየር መንገድ ነው። ልጅቷ ቦሌ የምትደርሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ጋሼ ለቁርስ እንዲደርሱላቸው ፈልገዋል። የጠዋቱን 1 ሰዓት በረራ ያዝኩላቸው።

«ሁለት ሰዓት ይበቃል?» አሉኝ።

«ይደርሳሉ» አልኩ። ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳላነሣ ነበር የመለስኩት።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሙያው ለማይገባው ላስረዳ። አንድ ሰው ከውጭ እስከ ባሕር ዳር ያለውን ጉዞ በአንድ ትኬት ሲቆርጥና የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው፣ በሚቀጥለው በረራ የሚያሳፍረው አየር መንገዱ ነው። ትኬቶቹ ለየብቻ የተቆረጡ ከሆኑ ግን አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ያኛው ቢዘገይ ይኼኛው አይጠብቅም። ቅጣቱ የመንገደኛው ነው። መንገደኛው ቦሌ ወርዶ ኢሚግሬሽን ይሰለፋል። ሻንጣውን ይጠብቃል። ጉምሩክን ያልፋል። ሻንጣውን እየገፋ ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል ሄዶ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ደግሞ ሁለት ሕፃናት የያዘች እናት ናት፣ ያውም በገና ዋዜማ ሰሞን። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ «የከሰዓቱን ይያዙ» እል ነበር። ለእሷ አላልኩም። አኩርፌ ነበር።

የመምጫቸው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ካውሮፕላን ማረፊያው ነው የሚደውሉት።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። የኔዎቹ የሉም።»

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ጋሼ መውጫው ፊት ለፊት ቆመዋል። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። በእጃቸው አንድ ፌስታል ይዘዋል። ውስጡ ሁለት ትናንሽ ጋቢዎች አሉ። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ ልጆቹን እንዳይመታቸው ብለው በልካቸው ያሠሩት ነው። አንዱ ቀይ ጥለት፣ አንዱ አረንጓዴ ጥለት አለው። የአረንጓዴው ጫፍ ከፌስታሉ ወጥቷል። እያናገሩኝ በጣታቸው መልሰው ይከቱታል፣ መልሶ ይወጣል። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ያለው ያ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ በሰው ስልክ ደወለች። የመጡበት አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቷል። ሰልፍና ሻንጣ ተጨምሮ የኛዋ በረራ ሄዳለች። ትንሹ ልጅ ሻንጣ ላይ ተኝቷል።

እኔ ምን አልኩ? ዛሬም ስጽፈው ያመኛል። «ይኸው እንግዲህ፣ ጋሼ፤ በኛው መጥተው ቢሆን ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ።

ጋሼ አላስጨረሱኝም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ተማሪ እንደሚጠይቁ ነው የጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን የተቀየምከው ላየር መንገዱ ብለህ ነው ወይስ ለኮሚሽንህ?»

ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ነበሩበት። ከየትኛው ስንት እንደነበረ መለየት አልቻልኩም።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ልሳሳት እችላለሁ» አሉ። «አንተ ግን ባለሙያ ነህ። ሁለት ሰዓት ይበቃል ወይ ብዬ ጠይቄሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ቢሮ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ ተተከልኩ። የገና ሰሞን ነውና ወንበር የለም። አዲስ አበባ ያለች የሙያ ጓደኛዬን ደወልኩላት። ሁለት ሰዎች ጉዟቸውን ሰርዘው ወንበር ተገኘ፤ ሦስተኛው ትንሽ ቆይቶ ተለቀቀ። ለ10 ሰዓቱ በረራ ገቡ። ያመለጠው ትኬት ቅጣት አለው። ከኪሴ ከፈልኩ። ማታ ጋሼ ሲደውሉልኝ ከኋላቸው የልጆች ድምፅ ይሰማል። «የቆረሶ ዓሣው ተጠብሷል፣ ና ብላ» አሉኝ። አልሄድኩም። አፍሬ ነበር።

ገና ካለፈ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ ቢሮ መጣች። ልጆቹም ጋሼም አብረዋት ናቸው። የከፈልኩትን ልትመልስልኝ ነው የመጣችው። አልቀበልም አልኩ። ግድ የለም ብላ የገንዘብ ቦርሳዋን ከፈተች። ከውስጡ አንድ ካርድ ተንሸራቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። የማይል ካርዷ ነው፣ የዚያው የውጭው አየር መንገድ። አነሣሁላት። ልመልስላት ስል ጥጉ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት አየሁ። አምስት ሹል ቅርጾች ገጥመው የሚሠሯት ኮከብ። ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ምልክት ናት። ይችው ኮከብ በኛም አውሮፕላኖች ላይ አለች። አየር መንገዳችን የዚህ ኅብረት አባል የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነው።

እጄ ላይ እንደያዝኩት ቀረሁ።

የኅብረቱ አባል የሆነ አየር መንገድ ካርድ ያለው ሰው በሌላውም አባል ሲበር ማይሉን በዚያው በካርዱ ላይ ማጠራቀም ይችላል። የኛው አየር መንገድ የማይል ካርድ፣ ሼባ ማይልስ፣ የግድ አያስፈልገውም። ክፍት ወንበር ከተገኘ ያጠራቀመውን ማይል በኛ አውሮፕላን ላይ ሊጠቀምበትም ይችላል። የትንሹ ልጅ ትኬት ምናልባት ከኛው ሊወሰድ ይችል ነበር። ሌላም አለ። እሷ የቆረጠችው ርካሽ ትኬት አንድ አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ለትርፉ ከፍላለች። በኛ በአብዛኛው የውጭ መስመር 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ። ከውጭ በአየር መንገዳችን ለሚገባ መንገደኛም የአገር ውስጡ በረራ ቅናሽ አለው። ይህ ሁሉ ተደምሮ የዋጋውን ልዩነት ላይሸፍነው ይችላል። ግን ቁጭ ብለን ልንደምረው ይገባ ነበር።

እዚያው አስረዳኋት። ካርዱን አገላብጣ አየችው።

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ።

«ካርድ እንዳለሽ አልጠየቅሁሽም» አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ጋሼ ዝም ብለው ሲሰሙ ነበር። ካርዱን ከልጃቸው እጅ ወስደው ኮከቧን በመነጽራቸው አዩዋት። «እኛ ዘንድም አለች?» አሉ። አለች አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ካርድ አለው ወይ ብዬ ነው። ቀጥዬ ሻንጣውን፣ ከዚያ ከማን ጋር እንደሚጓዝ። ባንዲራ አላነሣም። የማልደብቀው ግን አለ። ልጃቸውን ሊያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ማዶ የሚሄዱ እናቶች ይመጣሉ። ከአማርኛ ሌላ አያውቁም። ለእነሱ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም በኛው ይሂዱ እላለሁ። ውሃ ሲጠማቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ። ሲፈሩ በአማርኛ ያጽናኗቸዋል። አንዷ ከዘጌ የመጡ እናት ተመልሰው ቡና ይዘውልኝ መጡና «አስተናጋጇ ‹እማዬ› አለችኝ» አሉኝ። ከጉዞው ሁሉ የነገሩኝ ይህንን ብቻ ነው። ይህን ልጆቻቸው በኢንተርኔት ሲያወዳድሩ አያዩትም። ስለዚህ እነግራቸዋለሁ። ይህ ስብከት አይደለም፣ ሥራዬ ነው።

የጋሼ ልጅ በሚቀጥለው ዓመትም የመጣችው በውጭው ነው። አብረን ደመርነው፣ ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነበር። «በዚያው ነይ» ያልኳት እኔ ነኝ። የአገር ውስጡን የ10 ሰዓቱን በረራ ያዝኩላት። ያም አውሮፕላን ዘገየ፤ ግን ጊዜ ስለነበራቸው ምሳቸውን በልተው መጡ።

ዘንድሮ ራሷ ጻፈችልኝ። የካርዱን ቁጥር አስቀድማ ልካዋለች። ወንበር ፈለግን፣ ለትንሹ ልጅ በማይል ተገኘ። ከዚያ እስከ ባሕር ዳር በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው የሚመጡት።

ትናንት ጋሼ መጡ። የሚደርሱበትን ሰዓት በወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ለመሄድ ተነሡ። በር ላይ ቆም አሉ።

«ጋቢዎቹ አጥረዋቸዋል» አሉኝ። «ሸማኔው ዘንድ እየሄድኩ ነው።»