ቱቦው፣ ሞተሬ እና የእህቴ ምስክርነት

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየት) ታዞለት ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ "የሚያስተኛውን መድኃኒት ወስጄ ላድርገው ወይስ እንዲሁ?" ሁለቱንም ቀምሼ ስላየሁ ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል። በስልክ ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩበት። ስዘጋው፣ ለምን አልጽፈውም አልኩ።

የእኔ ጨጓራ የቆየ ጨጓራ ነው። ተልባ ጠጥቼበታለሁ፣ ቃሪያ ትቼለታለሁ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን እንደ ማስቲካ እየገዛሁ ውጫለሁ። ሌሊት እየቀሰቀሰኝ፣ ሰገራዬም እንደ ሬንጅ መጥቆር ሲጀምር ግን ቀልዱ አበቃ። ሐኪሙ ያንን ሲሰማ ወዲያው ብዕሩን አነሳ። ጥቁር ሰገራ ማለት ውስጥ የሆነ ቦታ እየደማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ገብተን ማየት አለብን አለኝ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ለጠዋት 2 ሰዓት ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እህልም ውሃም የለም። ጾም ለለመደ ሰው ይሄ ቀላል ነው፣ የከበደኝ ቡናው ነው። ለማንም ሳልናገር ሞተሬን አስነስቼ ሐዋሳ ካለው ሰፈሬ ከአቶቴ ወጣሁ። እዚያ ስደርስ ነርሷ "ማን አብሮህ መጣ?" አለችኝ። ማንም። "በምን መጣህ?" በሞተር። "እንግዲያው የሚያስተኛውን አንሰጥህም።" ለካ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ለ24 ሰዓት ምንም መንዳት የለበትም፣ ብቻውንም አይለቁትም። ሌላ ቀን ልምጣ ማለት እችል ነበር፣ ግን ወረፋውን ስንት ቀን ጠብቄ ነው ያገኘሁት፣ ደግሞ እውነቱን ልናገር ከተባለ ትንሽ ጉራም ነበረችበት። "ችግር የለም፣ እንዲሁ ይሁን" አልኩ።

ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት "አይዞህ ልጄ፣ እንደ ጎረድ ጎረድ ዋጥ ነው" አሉኝ። (በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር አለ፦ ኩስማውል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 ቀጥ ያለውን የብረት ቱቦ መጀመሪያ የሞከረው ሰይፍ እየዋጠ በሚያሳይ ሰው ላይ ነው። የእኔ ቢያንስ ይተጣጠፋል።)

ጉሮሮዬ ላይ መራራ ስፕሬይ ነፉብኝ። ምላሴ ጨርቅ ሆነ። ምራቄን ልዋጥ ስል ጉሮሮዬ የለም! እኔን ከቱቦው በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። በግራ ጎኔ አስተኝተው፣ ቱቦውን እንዳልነክሰው ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ አስነከሱኝ። ቱቦው የትንሽ ጣት ያህል ይወፍራል፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው።

ከዚያ ገባ። ጉሮሮን የሚያልፍባት ጊዜ በጣም አጭር ናት፣ ግን ያችን ጊዜ አልረሳትም። ያስመልሳል፣ ባዶ ሆድ ስለሆነ የሚወጣ ነገር የለም፣ እንባ ይፈስሳል፣ ለሃጭ ይፈስሳል። የታፈንኩ መሰለኝ። አልታፈንኩም፣ ቱቦው የሚሄደው በምግብ መንገድ እንጂ በአየር መንገድ አይደለም፣ ግን ይህን ለተደናገጠ ሰው ማን ያስረዳዋል? ሐኪሙ "ቻል አድርገው፣ ቻል፣ ቻል" ይለኛል። እየቻልኩ እኮ ነው፤ ሌላ ምን ላድርግ? ያዳነችኝ ነርሷ ናት። ትከሻዬን ይዛ "በአፍንጫህ ሳብ። ምራቅህን አትዋጥ፣ ይፍሰስ ተወው። በቃ ጉሮሮህን አለፈ፣ ከዚህ በኋላ ይቀላል" አለችኝ። ቀለለም። አየር ሲነፉበት ሆዴ እንደ ኳስ ተነፋ፣ ሰው ፊት ተግሳሁ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ናሙና ሲቆርጡ ግን ምንም አልተሰማኝም፤ የጨጓራ ግድግዳ እንደ ቆዳ ቁርጥን አይለይም። በግድግዳው ሰዓት ሰባት ደቂቃ። ፊቴን ታጥቤ፣ ሞተሬን አስነስቼ ቤቴ ገባሁ። ጉሮሮዬ ሁለት ቀን ከረከረኝ፣ ሌላ ምንም።

የተገኘው የጨጓራ ቁስለትና ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። ለ14 ቀን መድኃኒት በእፍኝ ዋጥኩ። የጨጓራ ቁስለት ደግሞ ዳነ የሚባለው ተመልሶ ሲታይ ስለሆነ፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ተቀጠርኩ።

በዚህኛው ታላቅ እህቴን ይዤ ሄድኩ፣ በባጃጅ። ጣቴ ላይ ኦክስጅን የምትለካዋን ነገር ቆነጠጡብኝ፣ በደም ሥሬ መርፌ ሰጡኝ። የጣሪያውን መብራት እያየሁ ነበር። ቀጥሎ የማስታውሰው እህቴ ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር ስታስር ነው።

"እትዬ፣ ምንም አልተሰማኝም እኮ!" አልኳት።

ሳቀች። በር ላይ ቆማ ስትሰማኝ ነበር። አቃስቻለሁ፣ አስመልሶኛል፣ ነርሷ "ዞር በል" ስትለኝ ዞሬያለሁ፣ ሲጨርሱም "እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር" ብያለሁ። ይሄ መድኃኒት ለኦፕሬሽን እንደሚሰጠው ድብን አድርጎ የሚያስተኛ አይደለም። ያደነዝዛል፣ ያረጋጋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ትዝታውን ያጠፋዋል። እና እስካሁን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ያ ሲያቃስት የነበረው ሰውዬ ማን ነው? እሱ ተሰቃይቶ እኔ ነኝ "ምንም አልተሰማኝም" እያልኩ የማወራው።

ደግሞ የባሰው፣ ሐኪሙ ውጤቱን የነገረው ለዚያ ሰውዬ ነው። ጥያቄ ሁሉ ጠይቄዋለሁ አሉ። እህቴን ምን አለ ስላት "ድኗል ብሏል፣ ደግሞ ሌላ የሆነ ነገር ብሏል" አለችኝ። የሆነውን ነገር ለመስማት ሌላ ቀን ተመልሼ ወረፋ ያዝኩ። ስለዚህ የሚያስተኛውን የምትወስዱ ሰዎች፣ ጆሮው የሚሰማና ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ለጓደኛዬ የመለስኩለት በጥያቄ ነው። ጥርስህን ስትቦርሽ ያስመልስሃል? አብሮህ የሚሄድ ሰው አለ? የልብ ወይ የመተንፈስ ችግር አለብህ? (ካለ አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው።) ቶሎ የሚያስመልስህና የሚያስፈራህ ከሆነ ውሰደው፣ ማንም ሜዳሊያ አይሰጥህም። "ወንድ አይደለሁ እንዴ፣ እችለዋለሁ" አለኝ። ወንድነት ከጉሮሮ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ራሴ ለሦስተኛ ጊዜ ብታዘዝ ሳልወስድ የማደርገው ይመስለኛል፣ ያቺ ነርስ ካለች ብቻ። በታች በኩል የሚገባውን አይነት ቢያዙልኝ ግን አልከራከርም፣ መርፌውን ወዲህ በሉ ነው የምለው።

የዚያን ቀን ስንመለስ ባለ ባጃጁን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውሰደን፣ ዓሳ ሾርባ እጋብዛችኋለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ አሉ። እህቴ መጀመሪያ ጉሮሮህ ይፍታ ብላ አንድ ሰዓት ያህል ሐይቁ ዳር አስቀምጣኝ ነበር። ሾርባውን ትንሽ ትንሽ አስታውሰዋለሁ። እሷ ሂሳቡን እኔ ነኝ የከፈልኩት ትላለች፤ እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ብር ማን እንደወሰደው አላውቅም።