ለንደን ውስጥ በነፃ ከተሰናበትኩ በኋላ የጠበቃ ወጪዬን እንዴት እንዳስመለስኩ

በማጭበርበር ተከስሼ ከባድ ወንጀሎች የሚታዩበት ክራውን ኮርት ቀረብኩ፤ ከሕዝብ ተመርጦ ፍርድ የሚሰጠው ጁሪም ጥፋተኛ አይደለም ብሎ አሰናበተኝ። ለጠበቃ ካወጣሁት ገንዘብ የተመለሰልኝ ግን ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ይህችም የተገኘችው ገና ከጅምሩ «የመንግሥት የሕግ ድጋፍ አይፈቀድልህም» የሚል አንድ የክልከላ ደብዳቤ በእጄ ስላስገባሁ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ በክራውን ኮርት ነፃ የወጣ ሰው ወጪውን መጠየቅ የሚችለው፣ አስቀድሞ ሊጋል ኤይድ ለሚባለው የመንግሥት የሕግ ድጋፍ አመልክቶ፣ ተቀናሾች ከወጡለት በኋላ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ 37,500 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ በመሆኑ የተከለከለ እንደሆነ ብቻ ነው። ሳያመለክት በግሉ ጠበቃ የያዘ ምንም አያገኝም።

መከራዬን ያየሁት በዚህ ማመልከቻ ነው። የትዳር ጓደኛ ደመወዝ አብሮ ስለሚደመር የባለቤቴን የደመወዝ ወረቀቶች አያይዤ ላክሁ፤ ነርስ ስለሆነችና የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ከወር ወር ስለሚለያይ፣ ልዩነቱ ይብራራ ተብሎ ተመለሰ። አብራርቼ ስመልስ ደግሞ በየወሩ ለእናቴ አዲስ አበባ የምልከው ገንዘብ ምን እንደሆነ ተጠየቅሁ። የቀጠሮዬ ቀን እየተቃረበ ስልክ ብደውል፣ ያነሳችው ሠራተኛ «ገቢዎ ከፍተኛ ስለሆነ አይፈቀድልዎትም፤ ለምን ይደክማሉ?» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው መከልከሉን ነው» ብላት ዝም አለች። የመጀመሪያው ጠበቃዬም ማመልከቱ ጊዜ ማባከን ነው ብሎኝ ነበር፤ ምክሩን ብሰማ ኖሮ ዛሬ ባዶ እጄን ነበርኩ። ስለዚህ አይፈቀድልህም የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁም አመልክቱ፤ ደብዳቤውንም እንደ ፓስፖርታችሁ ጠብቁት።

የቀረው ቀላል ነበር። ፍርዱ እንደተነበበ ጠበቃዬ ዳኛውን የወጪ ትዕዛዝ ጠየቀ፤ ዝርዝር ሂሳቡንም በተፈቀደው 3 ወር ውስጥ አስገባን።

የሚያንገበግበኝ ሂሳቡ የሚሠራው እኔ በከፈልኩት ሳይሆን መንግሥት ለሊጋል ኤይድ ጠበቆች በሚከፍለው ዝቅተኛ ተመን መሆኑ ነው። እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመጣጣኝ የሆነ ወጪ ይመለስ ነበር። በ2014 ነፃ የወጡት የያኔው የፓርላማ አባል ናይጀል ኢቫንስ እንኳ ወደ 130,000 ፓውንድ ከኪሳቸው ወጥቶ ቀርቷል። በፍትሐ ብሔር ክርክር የተረታ የረታውን ወጪና ኪሳራ እንዲከፍል የሚያዝዝ አገር፣ ከሳሹ ራሱ መንግሥት ሲሆን ይህን መርህ የሚተውበት ምክንያት አይገባኝም።

ገቢያችሁ ከጣሪያው በታች ከሆነ ግን የግል ጠበቃ አትያዙ፤ ለሊጋል ኤይድ ከገቢያችሁ የምታዋጡት ገንዘብ ነፃ ስትወጡ ከነወለዱ ይመለስላችኋል።